የዶሮ ቀረጥ በላስ ኖሪያስ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 5፣ 1994

ሜክሲኮ ተሸነፈች። በቡልጋሪያ! ያውም በፍጹም ቅጣት ምት። የሜክሲኮ ስደተኞች መንደራችን ቀብር የዋለ ይመስላል። መካኒኩ ቶሪቢዮ የጋራዡን ቴሌቪዥን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮታል፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ። «ውለታ ነው የዋልክለት» ስለው በመፍቻ አባረረኝ።

ይኸን ደብተር የገዛሁት ለቼላ ደብዳቤ ልጽፍበት ነበር። ቼላ ጓደኛዬ ናት፤ እኔ ሳሾፍ የምትስቅልኝ እሷ ነበረች። ላስ ቬጋስ ከሄደች ወዲህ ረጃጅም ደብዳቤ ጻፍኩላት። መልሱ አንድ ፖስትካርድ ነው፤ ላዩ ላይ የአህያ ፎቶ። አህያው ሰላምታ እንዲያደርስልኝ ይሁን ወይስ እኔን ስለሚመስል፣ አልገባኝም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቀልዴን የምነግረው ለዚህ ደብተር ነው። አይስቅም፤ ግን አያቋርጠኝም።

የዛሬው፦ ዶኛ ኦቲሊያ ባራጋን ዘንድ ደወልኩ። ከዋልነት ለውዝ ዛፎቹ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ከግቢያቸው አይወጡም። አፍንጫዬን ያዝኩና እንደ ፈረንጅ ተኮላተፍኩ።

«ሄሎ! እኔ ሚስ ፔኒ ነው። ከሸለቆው ውኃ ማጽጃ ቦርድ። እርስዎ ስንት ዶሮ አለህ?»

«ስድስት። ምነው?»

«ዶሮ ውኃ ይጠጣል?»

«የለም፣ ቢራ ነው የሚጠጡት።»

«እንግዲያው በዶሮ ላይ ክፍያ አለ።»

«አውራው ዶሮስ? እሱ እንቁላል አይጥልም። ዝም ብሎ መጮኽ ነው።»

«የሚጮኽ በግማሽ ዋጋ ነው።»

«ባሌ በሕይወት ቢኖር ደስ ይለው ነበር» አሉ።

ዘግቼ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ምስኪን፣ አምነው ቁጭ አሉ! ስቄ ስቄ ሲበቃኝ ቤቱ ዝም አለ።

እሑድ፣ ጁላይ 10

ታታ ከቅዳሴ መልስ እንደ ልማዳቸው ወደ ውሽማቸው ሄዱ። ውሽማቸው የውኃ ጉድጓዱ ነው። ታታ አያቴ ናቸው፣ ዶን ኤቫሪስቶ፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። የላስ ኖሪያስ ውኃ ማኅበር ሊቀ መንበርም፣ የፓምፕ ጠባቂም፣ ዋና ተቆጪም እሳቸው።

ጉድጓዱ ከተዘጋ ቆየ። ድሮ የአውሮፕላን ብረት የሚያጥቡ ፋብሪካዎች እጣቢውን መሬት ላይ ሲደፉ ኖሩ፤ መሬቱም ሲጠጣ ኖረ። ዛሬ ከእግራችን ሥር ያለው ውኃ ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚጣፍጥ መርዝ ነው። የምንጠጣውን ከጎረቤት ከተማ በቧንቧ እንገዛለን። ታታ ግን በየቀኑ ሄደው የማይሠራውን ሞተር ዘይት ይቀቡታል። ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ማን?»

«ቧንቧዋ።»

«ናቻ የምትባል ለፍላፊ የልጅ ልጅ አለችህ፣ እግዜር ይርዳህ አለችኝ።»

ከሰዓት በኋላ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ዋልኩ። ማራገቢያው ያለው እዚያ ጋ ስለሆነ ነው። እማዬ ከፍሬስኖ እሑድ እሑድ እደውላለሁ ብላ ነበር፤ ይህን ያለችው በፋሲካ ነው። ሥራ ይበዛባታል። አዲሱ ባሏም በትንሽ ድምፅ ይባንናል ይባላል።

በጣም ሞቃት ቀን ነበር።

ሐሙስ፣ ጁላይ 14

የቦርዱ ደብዳቤ መጣ፤ ክፍያው ጨምሯል። እንደ ወጉ ሁሉም ሰው ቶሪቢዮ ጋራዥ ተሰብስቦ ጮኸ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ጥሎኝ የሄደ ልጅ ነኝ፤ ይኸን ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከራት ጋር ስበላው ስላደግሁ ይገባኛል። ድሮ ፍርድ ቤት በሸለቆው ላለ ባለ ጉድጓድ ሁሉ «አንተ በዓመት ይህን ያህል መሳብ ትችላለህ» ብሎ መብት ቆርሶ ሰጠ። ቦርዱ ደግሞ መርዙን ማጽጃ ገንዘብ የሚሰበስበው በዚያ መብት ላይ ነው። ሳብክም አልሳብክም ትከፍላለህ። እኛ ጠብታ አንስብም። እንከፍላለን።

«ዶን ኤቫሪስቶ» አለ ቶሪቢዮ፣ «ይኸማ ለፈታኋት ሚስት ቀለብ መስፈር ነው!»

«ሚስትህ አልተፈታችም፤ ታማ ተኝታ ነው» አሉ ታታ። «የምንከፍለው ለመድኃኒቷ ነው። ከታች ያለው ውኃ አጥር አያውቅም። እኛም እምቢ ካልን፣ እነዚያም እምቢ ካሉ፣ ማን ያጽዳው?»

«ያቆሸሸው!»

«እሱንም ቦርዱ ፍርድ ቤት እያመላለሰው ነው። እስከዚያ መርዙ ቆሞ ይጠብቀናል?»

«እኔ ልጅ አስተምራለሁ፣ ዶን ኤቫሪስቶ» አለ ቶሪቢዮ፣ በዝግታ። ሲጮኽ ይሻል ነበር።

ታታ ተነሡ። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ከኋላቸው ሄድኩ። የሚያስቅ ነገር ልናገር ፈልጌ አልመጣልኝም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 21

ሚስተር ኬስለር የሚባል ሰውዬ መጣ። ነጭ መኪና፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ጥርስ። በሸለቆው ምዕራብ ያለ የአንድ ትልቅ ውኃ ኩባንያ ወኪል ነው፤ መብታችንን ሊገዛ። ለየቤቱ ቼክ ይሰጣል፤ ክፍያውም ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ራስ ምታት ይሆናል። ኩባንያው በኛ መብት እዚያው ከራሱ ጉድጓድ፣ ንጹሑ ጋ፣ ይስባል።

«የኛስ ጉድጓድ?» አሉ ታታ።

«በሥርዓቱ ይታሸጋል።»

«በምን?»

ሰውዬው ጫማውን አየ። «በሲሚንቶ» አለ።

ታታ ራት አልበሉም። ቦርዱ እኛ ጉድጓድ ላይ የማጽጃ ማማ ሊተክል አቅዷል፤ ውኃው ከላይ እየወረደ፣ አየር እየተነፋበት መርዙ የሚለቅበት። «መብት ለሌለው ጉድጓድ ማን ማማ ይሠራል?» አሉ ለሾርባው። ለኔ አይደለም፤ ለሾርባው።

ጠቅላላ ጉባኤው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ከማኅበሩ አክሲዮን ሁለት ሦስተኛው እሺ ካለ ይሸጣል። አክሲዮኑ መሬትን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ያለው በባለ ዋልነት እርሻዋ እጅ ነው። ዶኛ ኦቲሊያ!

«ሄደው ያነጋግሯቸዋ» አልኩ።

«እሷ ዘንድ አልሄድም።»

ለምን እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። ጉድጓዱን የቆፈሩት ታታና የዶኛ ኦቲሊያ ባል፣ ዶን ቼማ፣ አብረው ናቸው። ዶን ቼማ የተቀበሩ ቀን ፓምፑ ተበላሸ፤ ታታ ቀብሩን ትተው ፓምፑ ጋ ቀሩ። አሥራ አምስት ዓመት ሆነ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ ታታ።

እኔ? ሚስ ፔኒ? «እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኩ። አልሄድኩም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 26

ሚስ ፔኒ ዛሬም ደወለች። ስለ እርግብ ልትጠይቅ ነበር፤ ዶኛ ኦቲሊያ ግን እርግቡን ትተው ስለ ባላቸው ጀመሩ። ዶን ቼማ ሙሽራ ሆኖ የሠርጉ ለታ በጭቃ የተለወሰ ጫማ አድርጎ መምጣቱን፤ ከጉድጓድ ቁፋሮ በቀጥታ። ካህኑ «ማንን ነው የምታገባው፣ እሷን ወይስ ጉድጓዱን?» ማለታቸውን። እኔ «ኦ ማይ» እያልኩ ሰማሁ። የምሠራበት የቶርቲላ ቂጣ ፋብሪካ የምገባበት ሰዓት አለፈ፤ አለቃዬ አፈጠጠብኝ።

«ሚስ ፔኒ» አሉኝ ስንሰነባበት፣ «ነገም ደውይ። ቦርዱ ስለ ድመቷ አልጠየቀም እኮ።»

እንዲህ የሚታለል ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 4

ወይ ጉድ።

ቶሪቢዮ ጋራዥ ስገባ «የዶሮ ቀረጥ» ይላሉ! ሳቅ የለም። ቶሪቢዮ የዶኛ ኦቲሊያን ማቀዝቀዣ ሊጠግን ሄዶ ከሳቸው አፍ ሰማ። እሳቸው እየሳቁ ነገሩት፤ እሱ ግን ለመንደሩ ሳይስቅ ነገረ። «ዛሬ ዶሮ፣ ነገ ልጆቻችንን ይቆጥራሉ!» አንዱ ደግሞ ከቦርዱ የተላከች ቀጭን ሴት በአጥር ላይ ዶሮ ስትቆጥር በዓይኔ አይቻለሁ አለ። በዓይኑ!

«ለሚስተር ኬስለር ሸጠን እንገላገል» አለ ቶሪቢዮ፤ ብዙ ራስ በእሺታ ተነቀነቀ።

ታታ ቤት ሲመጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። «አንድ ባለጌ በቦርዱ ስም እየደወለ ነው» አሉ። «በጉድጓዱ ላይ የሚቀልድ ሰው፣ እናቱ ምን አጥብታ አሳደገችው?»

የቆርቆሮ ወተት አጥብታ፣ ልል ነበር።

ሚስ ፔኒ ከዛሬ ጀምሮ ሞታለች። ነፍስ ይማር።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 9

አልደወልኩም።

እሑድ፣ ኦገስት 14

አልደወልኩም። አልተደወለምም። ማራገቢያው ተሰብሯል፤ እኔ ግን ወንበሩን ለምጄዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 18

ከሥራ ስመለስ የኬስለር ነጭ መኪና ዶኛ ኦቲሊያ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ባለፈው ሐሙስም ነበረች። ዳቦ ቤት ከሚሰጡት ሮዝ ካርቶን አንዱን ይዞ ገባ፤ ጣፋጭ ዳቦ። አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባብሮ ይሰማቸዋል። እሳቸው በእጃቸው ጫማ ያሳያሉ። የሠርጉን ጭቃ ጫማ ታሪክ እየነገሩት ነው! ያ እኮ የሚስ ፔኒ ታሪክ ነው።

ምን አስቀናኝ? አላስቀናኝም። ዳቦው አምሮኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 30

ፈረሙ። ዶኛ ኦቲሊያ ድምፃቸውን በውክልና ለኬስለር ሰጡ። በዚያ ላይ የነቶሪቢዮ ሲጨመር ሁለት ሦስተኛው ይሞላል።

ታታ ወሬውን ቆመው ሰሙ። ከዚያ «ደህና» አሉ። የዘይት ቆርቆሯቸውን አንስተው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ፤ እስኪመሽ አልተመለሱም። ልጠራቸው ሄጄ በመስኮት አየኋቸው። ዘይት አልቀቡም፣ አላዳመጡም። እጃቸውን ሞተሩ ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ሰው ከመለየቱ በፊት ፈረሱን እንደሚዳብስ።

አልጠራኋቸውም።

ያቺን አሮጊት በዶሮ ያስፈራራ ማን ነው? በቦርዱ ላይ ያስጨከናቸው? ደብተር ሆይ፣ እንዲህ አትመልከተኝ። አንድም ሰው ሳይጠይቀኝ ቀኑን ሙሉ «እኔ አይደለሁም» ስል ነው የዋልኩት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 8

ዶኛ ኦቲሊያ በር ድረስ ሄድኩ። ልናገር። አውራው ዶሮ አፈጠጠብኝ። ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12

ዛሬም ሄጄ ነበር። መጋረጃው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ሮጥኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ደውል ደውሎ እንደሚሸሽ ሕፃን መሮጥ! ያውም ሳልደውል።

ታታ አሁን ስለ ምንም አይቆጡኝም። ትናንት የራት ወንበራቸው ላይ የሚጮኽ የላስቲክ ትራስ አስቀመጥኩ። ተቀመጡ፣ ጮኸ፣ ሾርባቸውን ጠጡ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 16

የሜክሲኮ የነጻነት በዓል ነው። መንገዱ ሁሉ መለከትና ርችት። ሁሉም ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ወጥቷል፤ ታታም ሰው እንዳያማቸው ብለው ሄዱ። እኔ ራሴን ያመኛል አልኩ። አላመመኝም። ቼላ የሌለችበት በዓል ምን ያደርግልኛል? አምና አብረን የከንቲባውን ፈረስ ጅራት በሪባን አስረን ነበር።

ስልኩን አነሳሁ። እንደ ናቻ ልደውል ነበር፤ እውነት። ጣቴ ግን ሳላዘው አፍንጫዬን ያዘ።

«ሄሎ። እኔ ሚስ ፔኒ ነው።»

«ሚስ ፔኒ!» አሉ። «የት ጠፋሽ? ታመሽ ነበር? ዶሮዎቹ ስላንቺ ሲጠይቁኝ ምን እንደምላቸው አጣሁ።»

«ቦርዱ... ቦርዱ ሥራ በዝቶበት ነው።»

«እሱስ ይበዛበታል። እኔ ግን ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ በየጊዜው እያነሳሁ አዳምጠው ነበር። ይጮኻል፤ ደህና ነው።»

አፍንጫ ይዞ ማልቀስ ምን እንደሚመስል ለደብተር መግለጽ አልችልም። ዳክዬ ሲታነቅ አስብ።

«ናቻ» አሉ፣ «ልጄ፣ አፍንጫሽን ልቀቂውና በአፍሽ ተናገሪ።»

ለቀቅኩት።

«ከመቼ ጀምሮ አወቁ?»

«ከመጀመሪያው "ሄሎ"። ልጅ ሳለሽም በር ደውለሽ ስትሸሺ በሳቅሽ ነበር የማውቅሽ። እኔ ዘንድ ስልክ የሚደውል ማን አለ? የመብራት ኃይልና አንቺ። የመብራት ኃይል ደግሞ አይቀልድም።»

«ታዲያ ለኬስለር ለምን ፈረሙ? በዶሮው ፈርተው አይደል?»

ሳቁ፤ ሳላቸው እስኪመጣ። «የዶሮ ቀረጥ! ያንን ያመነ ቶሪቢዮ ብቻ ነው። እኔ የፈረምኩት... አንቺ መደወል ተውሽ፤ እሱ ሐሙስ ሐሙስ መጣ። ተቀመጠ። አንድ ቀን እንኳ ሰዓቱን አላየም። መጨረሻ ላይ ወረቀት ሲያወጣ፣ ይኸን የመሰለ አድማጭ በምን አፌ እምቢ ልበለው?»

ከሜዳው ርችት ተተኮሰ፤ በሳቸውም በኩል፣ በኔም በኩል ሰማነው።

«ዶኛ ኦቲሊያ፣ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ሊሞሉት እኮ ነው።»

«ምን?»

«እስከ አፉ።»

«የቼማን ጉድጓድ?» አሉ። «ይኸን አልነገረኝም። ዳቦውን እያበላ ይኸን አልነገረኝም።»

ጉባኤው ላይ በአካል ከመጡ ውክልናው ይወድቃል አልኳቸው፤ የማኅበሩ ደንብ ነው።

«ጉልበቴስ?»

«እኔ በእጅ ጋሪ እገፋዎታለሁ።»

«አንቺ ገደል ትከቺኛለሽ። ኤቫሪስቶ ራሱ መጥቶ ይውሰደኝ። ካልመጣ ሲሚንቶውን ይጠጣው።»

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 18

ለታታ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዶሮውን፣ እርግቡን፣ አፍንጫውን፣ ሁሉንም። ጩኸት ጠብቄ ነበር። ሳህናቸውን አጠቡ። የኔንም አጠቡ።

«ስትደውዪ ስለ ቼማ ነገረችሽ?»

«ስለ ጭቃ ጫማው።»

«ጫማው የኔ ነበር» አሉና ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 22

ታታ ኩባያዋን ከቁም ሣጥን አወጡ። ጠርዟ የተላላጠ ሰማያዊ ኩባያ ናት። ጉባኤው የሚከፈተው በሷ ነው፤ ከጉድጓዱ የተቀዳ ውኃ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፤ አብሮ ያልጠጣ አይናገርም። ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ባዶዋን ነው የምትዞረው። የተገዛ ውኃ እንዳይቀዳባት ታታ ከለከሉ። ሁሉም ባዶ ኩባያ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያቀብላል። አምና ጠርዟን ሚጥሚጣ ቀባሁት፤ ቶሪቢዮ ባዶ ኩባያ ጠጥቶ አለቀሰ።

ዘንድሮ ምንም አልቀባሁም። ኩባያዋም ገረማት መሰለኝ።

ስለ ዶኛ ኦቲሊያ ቃል አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 24

ረጅም ነው፤ ከመርሳቴ በፊት።

ጠዋት ስነሳ ታታ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጫማቸውን ይወለውላሉ። «መኪናው ላይ ውጪ» አሉኝ። የማኅበሩን አሮጌ ፒክአፕ ነድተው ዋልነት ዛፎቹ ጋ ቆሙ። ዶኛ ኦቲሊያ በረንዳቸው ላይ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጡ እግዜር ይወቅ።

ታታ ደረጃው ሥር ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ዘገየህ፣ ኤቫሪስቶ።»

«ፓምፑ ተበላሽቶ ነበር።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ?»

«ትልቅ ፓምፕ ነው፣ ኦቲሊያ።»

እሳቸው አፋቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉ። ታታ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል። ፒክአፑ ላይ ስናወጣቸው «ቀስ በሉ፣ ዶሮ አይደለሁም፣ ቀረጥ የለብኝም» አሉ። ታታ የሆነ ድምፅ አወጡ። ስንት ወር ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ሳቅ እሳቸው በአንድ ቃል አገኙት። ትንሽ አናደደኝ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። ኬስለር ፊት ለፊት፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስተካክሎ። ዶኛ ኦቲሊያን ሲያይ ነጭ ጥርሱ አንድ በአንድ ተሸሸገ። ኩባያዋ ዞረች። እሱ ጋ ስትደርስ ውስጧን አየና «ባዶ ነው፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ለሚቀጥለው አቀበለ። አዳራሹ አጉረመረመ። ቶሪቢዮ ሳይቀር ፊቱን አጨማደደ።

ዶኛ ኦቲሊያ ጋ ደረሰች። በሁለት እጃቸው ያዟት። እንደ እውነተኛ ውኃ ጠጧት፤ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። በመዳፋቸው አፋቸውን ጠረጉ።

«ሚስተር ኬስለር» አሉ፣ «በአካል መጥቻለሁና ወረቀቴን መልስልኝ። ዳቦው ጥሩ ነበር። ታሪኬንም በደንብ ሰምተሃል፤ ግን የጉድጓዱ ታሪክ እንደነበር አልገባህም።»

ቶሪቢዮ ተነሣ። «ዶኛ ኦቲሊያ፣ ለእርስዎ ጉድጓዱ ትዝታ ነው። ለኔ በየዓመቱ የሚመጣ ክፍያ ነው። የማልጠጣውን!»

«እኔም አልጠጣውም፣ ልጄ። እስኪጸዳ እኔም ኤቫሪስቶም የለንም። ልጅህ ግን ትጠጣዋለች። ያቺ ስትጠማ አባቷ ቼኩን በምን እንደበላው ትጠይቅሃለች።» ቆም አሉ። «እንደኔ አክሲዮኑ የበዛ ብዙ ይክፈል፤ ያነሰው ይነስለት። አሁን ሁላችን እኩል መክፈላችን ልክ አይደለም። ኤቫሪስቶ፣ ይኸን ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ቀይረው።»

ታታ ቀላ አሉ። «ይቀየራል» አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ሽያጩ ወደቀ። ቶሪቢዮ እጁን ሳያወጣ፣ ክንዱን አጣምሮ ቀረ፤ ከሱ ይኸም ብዙ ነው። ስንወጣ በጆሮዬ «ሚስ ፔኒ» አለኝ፤ «ዶሮዎቼ አሥራ አንድ ናቸው። መዝግቢ።» የነገሩት ታታ ይሆኑ ወይስ ዶኛ ኦቲሊያ፣ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 7

ከቦርዱ ሰዎች መጥተው ከጉድጓዱ ናሙና ወሰዱ። ማማው ዓመታት ይፈጃል አሉ። ታታ የሰማኒያ ዓመት ሰው የሚስቀውን ሳቅ ሳቁ። ሞተሩን ዘይት ቀቡት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 16

ታታ አሁን ማታ ማታ ዶኛ ኦቲሊያ ዘንድ ነው የሚያመሹት። ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ። ውሽማቸው ተቀየረች። ደስ ይለኛል፤ እውነት ደስ ይለኛል። ቤቱ ሰፊ ሆነ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከቼላ የመጣ ነገር የለም፤ አህያም የለም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 23

በጥድፊያ።

ታታ ሄደዋል። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ማራገቢያው አሁንም አልተጠገነም፤ በዚያ ላይ ቀዝቅዟል። ስልኩ ጮኸ።

እሑድ ነው። እሑድ ማን እንደሚደውል... ብቻ በጣም ሮጥኩ፤ ወንበሩን ገለበጥኩት። «እማ?» አልኩ።

ከወዲያ በኩል አንድ አፍንጫውን የያዘ አሮጌ ድምፅ፦

«ሄሎ። እኔ ሚስ ፔኒ ነው። ከሸለቆው ቦርድ።»

ምን ልበል? ወንበሩ መሬት ላይ ነው፣ እኔ ቆሜያለሁ።

«እቤትሽ ውስጥ ስንት ባዶ ወንበር አለህ?» አሉ።

ዞር ብዬ ቆጠርኩ። «ሦስት» አልኩ። «አንዱ ወድቋል።»

«ኦ ማይ። በባዶ ወንበር ላይ ክፍያ አለ። ተቀመጥሽበትም አልተቀመጥሽበትም ትከፍያለሽ። በጣም ውድ ነው።»

ከጀርባ ታታ «የፖዞሌ ሾርባው ቀዘቀዘ በያት!» ሲሉ ይሰማል።

«ገንዘብ የለኝም፣ ሚስ ፔኒ።»

«እንግዲያው እዚህ መጥተሽ ትቀመጫለሽ» አሉና አፍንጫቸውን ለቀቁት። «ቶሎ ነይ፣ ልጄ። አያትሽ በዶሚኖ እያታለለኝ ነው፤ አታላይ የምታውቅ ሰው ያስፈልገኛል።»

ጫማዬን አድርጌያለሁ። ከፍሬስኖ ቢደወልስ? ይደወል። ባዶ ቤት ይጩኽ። የዛሬውን የባዶ ወንበር ክፍያ የደወለችው ትክፈል።